ምጣድ፣ ጀሪካንና የልጣጭ ባልዲ፦ በአዲስ አበባ ቤት ብክነትን መቀነስ

ብክነት ለመቀነስ የተነሳ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ዕቃ በመግዛት ነው። አዲስ አምፖል፣ የጨርቅ ቦርሳ፣ ባለ ሁለት ክፍል የቆሻሻ ባልዲ ይገዛል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም ጥግ ይዞ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ እየጋገረ በሚኖር ቤት ትልቁ ፍጆታ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ መብራቱ ምጣዱ ላይ፣ ውሃው ሽንት ቤትና ልብስ አጠባ ላይ፣ ቆሻሻው ደግሞ ሽንኩርትና ድንች የሚላጥበት ጠረጴዛ ላይ። ጉልበታችሁን መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉ።

ከሁሉ በፊት ለአንድ ወር ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ አንብባችሁ ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ጻፉት፤ በሳምንቱ ስንት ከረጢት ቆሻሻ እንደወጣም ጨምሩበት። ቁጥር ማንበብ የሚችል ልጅ ካለ ሥራውን ለሱ ስጡት፤ ልጆች ቆጣሪ ሲቆጣጠሩ ማንንም አይምሩም። የምትጋግረውና የምታበስለው ሰው፣ እናት ትሁን አክስት ወይም የቤት ሠራተኛ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ በምክክሩ ውስጥ መኖር አለባት። እሷ ያልተስማማችበት ለውጥ አንድ ሳምንት አይዘልቅም፤ ደግሞም የትኛው ነገር እንደሚባክን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ምጣዱ

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። እስኪግል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ መብራት ይበላል እንጂ አንድም እንጀራ አይወጣም። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 12 ደቂቃ ሲሞቅ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት 40 እንጀራ የሚበላ ቤት ስምንት ስምንት እያደረገ አምስት ጊዜ ቢጋግር ለማሞቂያ ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። ሃያ ሃያ አድርጎ ሁለት ጊዜ ቢጋግር ግን 1.4 ይበቃዋል። ልዩነቱ በወር ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በየደረጃው የሚወደድ ስለሆነ፣ የምታተርፉት ከውዱ ደረጃ ላይ ነው።

ብዙ መጋገር እንጀራውን ያሻግተዋል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ መፍትሔ ግን አለው። እንጀራ የሚሻግተው በአብዛኛው ትኩሱ በትኩሱ ላይ ሲደራረብ ነው። እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ታችኞቹ ይረጥባሉ። እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ እጅ ሲነካው ለብ እስኪል ጠብቁና ከዚያ ደራርቡ። የመሶቡን ጨርቅ በየመጋገሪያው ቀን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ያለፈው ሳምንት ሻጋታ የሚተላለፈው በእሱ ነው። በሦስተኛው ቀን የተረፈውን ሻጋታ ሳትጠብቁ ቆራርሳችሁ ለድርቆሽ አዘጋጁት።

በመጋገሪያው ቀን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አብሲቱ ገብቶ ሊጡ ኩፍ ሳይል ምጣዱ አይለኮስ። ምጣዱ ግሎ ሊጥ የሚጠብቅባት እያንዳንዷ ሩብ ሰዓት ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። ማሰሻው፣ የተፈጨው ጎመን ዘር፣ ሰፌዱና ማዞሪያው ከመለኮሱ በፊት በቦታቸው ይሁኑ። መጋሉን ለማወቅ ጠብታ ሊጥ ጣል አድርጉ፤ ወዲያው ዓይን አውጥታ ጠርዟ ከተነሳ ደርሷል፤ ከተጣበቀች ገና ነው። ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ሊጡ ሳይሰፋ ይያዛል፤ እንጀራው ዓይኑ ደፍኖ ይወፍራል፤ ወፍራም እንጀራ ለመብሰል ጊዜ ስለሚፈልግ ኪሳራው እጥፍ ይሆናል።

አክንባሎውን የምትከድኑት ዓይኑ ዳር እስከ ዳር ሲወጣ ነው። ከዚያ በኋላ በሰላ ወይ እያሉ ደጋግሞ መክፈት ትልቅ ብክነት ነው። በተከፈተ ቁጥር የተጠራቀመው እንፋሎት ይጠፋል፤ ምጣዱም ከላይ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ በጠርዙ ዙሪያ እኩል መትነን ሲጀምር ጥቂት ቆይታችሁ ክፈቱ። በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣ ከሆነ ክዳኑ ተጣሟል፤ እስኪቃና ድረስ በዚያ በኩል የረጠበ ጨርቅ አስደግፉበት።

መጨረሻ ላይ አንድ ቀላል ሥራ አለ። የመጨረሻውን እንጀራ ምጣዱን ካጠፋችሁ በኋላ ጋግሩት። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ አብዛኛው ምጣድ አንዱን በሚገባ ያበስላል። እሱ ከተሳካ በሚቀጥለው ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሞክሩ፤ ሁለተኛው ከተጣበቀ የምጣዳችሁ አቅም አንድ ነው ማለት ነው። እንጀራው ከወጣ በኋላ ደግሞ ቆራርሳችሁ ያዘጋጃችሁትን ድርቆሽ ስሱ አድርጋችሁ ዘርጉበት፤ ክዳኑን ሳትገጥሙ ተዉትና ማታ አገላብጡት። በክረምት ፀሐይ በማይገኝበት ወቅት ይህ ሙቀት ትልቅ ሀብት ነው። ዝንጅብልና በሶብላም ይደርቅበታል።

አንዱ ወገን ገርጥቶ ሌላው የሚያር ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ልክ አስቀምጡበት። ምጣዱ ካዘነበለ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ይወርዳል። ደልዳላ ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚገረጣ ከሆነ ችግሩ ከሥር ያለው ሽቦ ነው፤ ጊዜ በማራዘም ከማካካስ ማስጠገን ይረክሳል። ምጣዱ እየሠራ ሳለ ወደ ታችኛው ላሜራ እጃችሁን ጠጋ አድርጉ። ላሜራው እጅ የማያስቀርብ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ወለሉ እየሄደ ነው። ምጣድ የሚሠራ ባለሙያ በሽቦውና በላሜራው መካከል እሳት የማይዘው የመስታወት ሱፍ ሊያስገባበት ይችላል። ጆንያ፣ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ ግን በፍጹም አይገባም፤ እሳት ያስነሳል።

ስለ መስመሩም ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ይህ ለተራ ሶኬት የአቅሙ ዳርቻ ነው። ለምጣድ የራሱ ብሬከር ያለው፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የተዘረጋለት የተለየ መስመር ይገባዋል። ማከፋፈያ ላይ አይሰካ። ሶኬቱ የሚሞቅ፣ የሚጠቁር ወይም የሚሸት ከሆነ ሽቦው ላልቷል፤ የከፈላችሁበት ኃይል እዚያ እየነደደ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ጥሩ።

መብራት በሌለበት ቤት በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ይልቅ ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱንም ይቀንሳል።

ድስቱና ከሰሉ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽምብራና ባቄላ እዚህ አልበስል የሚሉት ለዚህ ነው፤ እሳት መጨመር ደግሞ ውሃውን ያተነዋል እንጂ ከ92 በላይ አያግለውም። ስለዚህ ድስቱ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱና ክደኑት። ሽምብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ ማታ በሦስት እጥፍ ውሃ ተዘፍዝፈው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይቆዩ። ዋናው መፍትሔ ግፊት ያለው ድስት፣ ፕሬዠሩ ነው። ግፊቱ ውሃው ከፍ ባለ ሙቀት እንዲፈላ ስለሚያደርግ፣ በተራ ድስት ከሰዓት በላይ የሚፈጀው የተዘፈዘፈ ሽምብራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበስላል። ለጥራጥሬ ከድስቱ ግማሽ በላይ አትሙሉ፤ አረፋው የእንፋሎቱን መውጫ ይደፍናል። አንድ ማንኪያ ዘይት ጣል ብታደርጉበት አረፋው ይቀንሳል። የምስር ክክ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ስለሆነ፣ የዕለት ወጥ ከከሰል ወደ ስቶቭ ሲዛወር ለጫካውም ለሳንባም ይበጃል። በልማዳዊው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ከሰሉን ለቡና ማስቀረት ጥሩ ልማድ ነው። ለእሱም ከቆርቆሮው ማንደጃ ይልቅ የሸክላ ሽፋን ያለው ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል። ቡናው ሲያበቃ የተረፈውን ፍም ውሃ አትድፉበት፤ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የብረት ጣሳ ውስጥ አስገብታችሁ ክደኑትና አየር አጥቶ ይጥፋ። በማግስቱ ደረቅ ሆኖ ያገለግላል። ጣሳውን ደጅ አስቀምጡ። ፍም ያለበት ማንደጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይደር፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል። ከሰል በፌስታል የማቀጣጠል ልማድም ይቅር፤ ጭሱ መርዛማ ነው፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይበቃል።

ውሃው

ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ መቆጠብ ማለት ሮቶው እስከሚቀጥለው ፈረቃ እንዲደርስ ማድረግ ነው። መጀመሪያ የሚፈሰውን ፈልጉ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ብርጭቆ አስቀምጡና በአንድ ሰዓት ስንት እንደሞላ ለኩ፤ በ24 አባዙት። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የውስጡ ጎሚኒ ስለሆነ ጥገናው ርካሽ ነው። ለሽንት ቤቱ ደግሞ የፍላሹ ሳጥን ውስጥ የቀዘቀዘ ጥቁር ቡና አፍስሱና ለ20 ደቂቃ ማንም አይጠቀም። መቀመጫው ውስጥ ቡናማ ውሃ ከታየ ቀንና ሌሊት እየፈሰሰባችሁ ነው።

ፍላሹ አሮጌና ትልቅ ከሆነ አንድ ሊትር ውሃ የተሞላ የተከደነ ሃይላንድ ሳጥኑ ውስጥ አቁሙ፤ የሚንሳፈፈውን ኳስ እንዳይነካ አርቁት። አምስት ሰው በቀን አምስት አምስት ጊዜ ቢጠቀም 25 ሊትር፣ ከአንድ ጀሪካን በላይ ይተርፋል። አንድ ጊዜ ተለቆ የማይጠርግ ከሆነ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ለውጡት፤ ሁለቴ መልቀቅ ካስገደደ ቁጠባው ከንቱ ነው። ጡብ አትክተቱ፤ እየተፈረፈረ መዝጊያውን ያበላሻል።

የልብስ የመጨረሻው ያለቅልቅ ውሃ ወለል ይወለወልበት፤ ሽንት ቤት ይደፋበት። አትክልት ማጠጣት የሚቻለው በረኪና ካልገባበት ብቻ ነው፤ ያውም ለዛፍና ለአበባ ሥር እንጂ በጥሬ ለሚበላ ቅጠል አይሆንም። ከአንድ ቀን በላይ አታስቀምጡት፤ ይሸታል። የጎመንና የድንች ማጠቢያ ውሃ ግን ቀጥታ ለጓሮው ነው።

የክረምቱ ዝናብ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት፣ የሚረጨውንና የሚተነውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ እንኳ 320 ሊትር፣ ማለትም 16 ጀሪካን ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ ደጋግሞ ይገኛል። አሸንዳው በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ መውረጃው ያዘንብል፤ ካላዘነበለ ውሃ ይተኛበትና ይበሰብሳል። የመጀመሪያው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ፣ ለ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ20 እስከ 40 ሊትር፣ አንድ ወይም ሁለት ጀሪካን፣ ለብቻው ቀድታችሁ ለወለል አውሉት። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ወደ በርሜሉ ይግባ። የበርሜሉን አፍ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ፤ ያለዚያ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ይህ ውሃ ለልብስ፣ ለወለልና ለአትክልት እንጂ ለመጠጥ አይደለም።

የልጣጩ ባልዲ

ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው። ለአሥርት ዓመታት መድረሻው ቆሼ ነበር፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አየር ሳያገኝ ታፍኖ የሚበሰብስ ልጣጭ ሚቴን የተባለ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያመነጫል። ያው ልጣጭ አየር አግኝቶ ቤት ውስጥ ሲበሰብስ ግን አፈር ይሆናል።

ለኮንዶሚኒየም በረንዳ ክዳን ያላቸው ሁለት ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲዎች ይበቃሉ። በደንብ እጠቧቸው። በጋለ ምስማር ወይም በድሪል ከሥርም ከጎንም በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ ጣት የምታህል ቀዳዳ ብሱ። ከሥር ትሪ አድርጉና ባልዲውን በሁለት እንጨት ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ታች 5 ሴንቲ ሜትር የተቆራረጠ ካርቶንና ጭራሮ ይነጠፍ።

ከዚያ ሕጉ አንድ ነው፤ አንድ ጣሳ ልጣጭ በገባ ቁጥር ሁለት ጣሳ ደረቅ ነገር ይከተለዋል። ደረቁ የተቀዳደደ ካርቶን፣ የጤፍ ጭድ፣ የረገፈ ቅጠል ወይም ቀለም ያልነካው ሰጋቱራ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ቤት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ልጣጭ በየቀኑ ይገኛል፤ ደረቁ ግን ያልቅና ለሳምንት ልጣጩ ብቻ ይጨመራል። ስለዚህ ባልዲውን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሙሉ ጆንያ ደረቅ ነገር አጠገቡ አቁሙ፤ ከግማሽ በታች ሲሆን ሙሉት። ልጣጩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይቆራረጥ። በየጥቂት ቀኑ ጭብጥ አፈር ጣል አድርጉበት፤ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት የሚመጡት በእሱ ነው። በሳምንት አንዴ በዱላ እስከ ታች አገላብጡ።

የቡና አተላ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ከጠቅላላው ከአንድ አምስተኛ አይብለጥ፤ ሲበዛ ይረጋና አየር ይከለክላል። የእንቁላል ቅርፊት ተፈጭቶ ይገባል። አመድ በባልዲ አንድ ጭብጥ በቂ ነው። ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይትና ጨው ያለበት ወጥ፣ ወጥ የነካው እንጀራ አይገቡም፤ አይጥ ይጠራሉ፤ ጨውም ተክል ይጎዳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘይቱ ምክንያት መበስበሱን ያዘገያል፤ ለማንደጃው ይቆይ።

እርጥበቱን በእጅ ለኩ። አንድ ጭብጥ አንስታችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ቢወጣ ልክ ነው። ቢፈስ ረጥቧል፤ ጨምቃችሁ ስትለቁት ቢበተን ደርቋል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷል፤ አገላብጡና ካርቶን ጨምሩ። ሽንት የሚመስል የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለው ልጣጩ በዝቷል። ጉንዳን ከሰፈረበት ደርቋል፤ ውሃ ርጩ። ትንንሽ ዝንቦች ከበዙ ልጣጩ ሳይሸፈን ተትቷል ማለት ነው፤ ሁልጊዜ 3 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ነገር ከላይ ይልበስ። ምንም ሳይሸት ለወር እንዳለ ከቆየ ደግሞ ወይ ደርቋል ወይ ልጣጩ አልተቆራረጠም።

አንዱ ባልዲ ሲሞላ ከድናችሁ በየሳምንቱ ማገላበጡን ሳታቋርጡ ሦስት አራት ወር ስጡትና ሁለተኛውን ጀምሩ። ባልዲ ትንሽ ስለሆነ አይግልም፤ ስለዚህ የዱባና የቲማቲም ዘር ሳይሞት ይቆይና ይበቅላል፤ በሽታ የያዘውን ተክልም አትክተቱበት። ግቢ ያለው ሰው በቁመትም በስፋትም አንድ አንድ ሜትር ክምር ቢሠራ ግን ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ይግልና ዘሩን ይገድላል፤ በፍጥነትም ይደርሳል። በክረምት በላስቲክ ይሸፈን፤ ዝናብ ከገባበት ጭቃ ይሆናል።

የደረሰ ብስባሽ ጠቁሮ አፈር አፈር ይሸታል። እርግጠኛ ለመሆን በፌጦ ፈትኑት። በሁለት ኩባያ፣ በአንዱ ተራ አፈር፣ በሌላው አፈርና ብስባሽ እኩል ቀላቅላችሁ በየኩባያው 20 የፌጦ ፍሬ ዝሩ። በአራት አምስት ቀን በብስባሹ የበቀለው እኩል ከሆነ ደርሷል፤ ከገረጣ ወይም ካነሰ ሌላ ወር ይፈልጋል። ጎመንና ቆስጣ ስትተክሉ ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ ብስባሽ በቂ ነው።

ፌስታልና ሃይላንድ

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ፌስታልን ከልክሏል፤ ስለዚህ ዘንቢሉ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ዘንቢል ቤት የሚረሳው ጓዳ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። ከቁልፉ ጎን በሩ ላይ ስቀሉት። ለሥጋና ለአይብ ክዳን ያለው ዕቃ፣ ለጥራጥሬ ከአሮጌ አንሶላ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት ውስጡ ይደር። ቤት ያለውን ፌስታል አጥባችሁ አድርቁና እስኪቀደድ ተጠቀሙበት።

ሃይላንድ፣ ጣሳና ቁርጥራጭ ብረት ንጹሕና ደረቅ ሆነው በአንድ ጆንያ ይጠራቀሙ። ቆራሌው ሲመጣ እርጥብና ከምግብ ጋር የተቀላቀለ ዕቃ ዋጋው ይወርዳል፤ አንዳንዴም አይወስደውም። ሃይላንዱን ክዳኑን ከፍታችሁ ጨፍልቁት፤ አንድ ጆንያ ብዙ እጥፍ ይይዛል። ያለቀ ባትሪ ግን ከዚህም ከዚያም አይቀላቀል፤ ከብስባሹም ከእሳቱም ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ።